ውሃ ተሸክሞ የሚዞር ላቫጆ፦ የታንከር አመራረጥ በደቡብ ጎንደር ደጋ

በተንቀሳቃሽ የመኪና እጥበት ሥራ የውሃ ታንከር የሚመረጠው ውሃውን ከሚሸከመው መኪና አቅም ተነስቶ ነው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምረዋል። በቀን ስንት መኪና እንደሚያጥብ ያስባል፣ ለዚያ የሚበቃውን ውሃ ይገምታል፣ ከዚያም ገበያ ወጥቶ ትልቁን ሮቶ ይገዛል። ስሌቱ የሚፈርሰው ታንከሩ ሞልቶ ባሌስትራው ሲጎብጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ባለ 1000 ሊትር ታንከር ሲሞላ የራሱን የታንከሩን ክብደት ሳይጨምር አሥር ኩንታል ማለት ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ ፒካፕ ላይ ለመጫን የሚያመነታ ሰው አሥር ኩንታል ውሃ ለመጫን አያመነታም፤ ውሃ በጆንያ ተቆጥሮ ስለማይታይ ይመስላል።

ደብረ ታቦርም፣ ወረታም፣ በጣራ ገዳም ግርጌ ባለችው አዲስ ዘመንም ቢሆን የተለመደው ላቫጆ አስፋልት ዳር፣ ውሃ በሚገኝበት ቦታ የቆመ ነው። ባለመኪናው ይሄዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ አሳጥቦ ይመለሳል። በተንቀሳቃሹ እጥበት ግን ውሃውና ሠራተኛው ወደ መኪናው ይሄዳሉ፤ ወደ ሆቴል ግቢ፣ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥር ደግሞ ወደ ሠርግ ቤት። ስለዚህ ሥራው የሚፈልገው ነገር ሁሉ አንድ መኪና ላይ መጫን አለበት። ታንከሩ ቦታውንም ክብደቱንም የሚጋራው ከጀነሬተር፣ ከእጥበት ማሽን፣ ከጎማ ጥቅል፣ ከሳሙናና ከሠራተኞች ጋር ነው።

የመኪናው የመጫን አቅም በሊብሬው ላይ ተጽፏል። ምሳሌ ለመውሰድ ያህል አንድ ቶን የሚጭን ፒካፕ ይታሰብ። ሁለት ሠራተኞች 130 ኪሎ፣ ጀነሬተር 60 ኪሎ፣ የእጥበት ማሽኑ 30 ኪሎ፣ ጎማው፣ ባልዲው፣ ሳሙናውና የመፍቻ ሳጥኑ በድምሩ 50 ኪሎ፣ ባዶው ታንከር ከነማሰሪያው ሌላ 40 ኪሎ ይወስዳሉ። ለውሃ የሚተርፈው 690 ኪሎ ነው። ይህ ግን አዲስ መኪና በደልዳላ መንገድ ሲሄድ ነው። ባሌስትራው ያረጀ፣ ጎማው ያለቀ፣ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት ከሆነ ወደ 500 ሊትር ዝቅ ማለት ያዋጣል። ለጭነት ባለ ሦስት እግር ሞተር ደግሞ 250 ሊትር ብዙ ነው። ሰውና ዕቃ ከተጨመረበት፣ የፋብሪካው ልክ ምንም ቢል፣ ዳገት ላይ የፊት እግሩ መቅለል ይጀምራል።

የዳገቱ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር አካባቢ ወደ 2700 ሜትር አካባቢ ይወጣል። በዚህ አገር ክብደት ማጓጓዝ ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩ ታሪኮች ዋናው አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስሠሩት የሴቫስቶፖል መድፍ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከክረምቱ በኋላ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፣ ያውም ከፊት ከፊቱ መንገድ እየተሠራለት። ዛሬ አስፋልት አለ፤ ቢሆንም ሙሉ ታንከር የጫነ ፒካፕ ሲወጣ ሞተሩ ይለፋል፣ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል። ከሁለቱ የሚያሰጋው መውረዱ ነው። ወረታ ላይ ሥራ ያለው የደብረ ታቦር አጣቢ ውሃውን ወረታ ሲደርስ ቢሞላ ይሻለዋል፤ ግማሽ ቶን ውሃ ይዞ ቁልቁለት መውረድ ምንም አያተርፍለትም።

የመሸከም አቅሙ ከታወቀ በኋላ ነው የፍጆታው ጥያቄ የሚመጣው። በባልዲና በጨርቅ አንድ አውቶሞቢል ለማጠብ 40 ወይም 50 ሊትር ይበቃል። በክፍት የቧንቧ ጎማ ከሆነ በደቂቃ 15 ሊትር አካባቢ ስለሚፈስስ አሥር ደቂቃ ብቻ 150 ሊትር ይጨርሳል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የእጥበት ማሽን ብዙ ውሃ የሚያባክን ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሽን በደቂቃ ከ6 እስከ 7 ሊትር፣ የቤንዚኑ ደግሞ 10 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፤ ውሃ የሚወጣውም መሳቢያው በተጫነበት ቅጽበት ብቻ ነው። ጥንቁቅ ሠራተኛ አንድ አውቶሞቢል በ60 ሊትር ያጸዳል። ሚኒባስ 100 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ኢሱዙ ከነጭነት ሳጥኑና ከነሆዱ ከታጠበ 200 ሊትር ቢወስድ አያስገርምም። ወንበርና ምንጣፍ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ውሃው ጥቂት ነው፤ ከ15 ሊትር እምብዛም አያልፍም።

እነዚህ ቁጥሮች የበጋ ናቸው። በክረምት የፎገራ ዋልካ ፓራፋንጎ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ውሃ ካልጠጣ አይለቅም፤ ፍጆታው በግማሽ፣ አንዳንዴም በእጥፍ ይጨምራል። ውሃ ለመቆጠብ ሲባል የሚነፋ ፈሳሽ ረጭቶ በጨርቅ ብቻ የመጥረግ ዘዴ አለ፤ አንድ መኪና በጥቂት ሊትር ያልቃል። ለከተማ አቧራ ጥሩ ነው። ጭቃ ላለበት መኪና ግን አይሆንም፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባው አሸዋ ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ደንበኛውም ጭረቱን የሚያየው በማግስቱ ፀሐይ ላይ ነው።

አሁን ሁለቱን ስሌት ማጋጠም ይቻላል። በቀን ስድስት አውቶሞቢልና ሁለት ሚኒባስ የሚያጥብ ሰው 560 ሊትር ይፈልጋል። ከታንከር ውስጥ ደግሞ ሙሉው ውሃ አይወጣም፤ መውጫው ከወለሉ ከፍ ስለሚል ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ከታች ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ሙሌት ለመጨረስ ከ600 ሊትር በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ያው ሥራ በ300 ሊትር ታንከርና በሦስት ሙሌት ቢሠራ ግን መኪናው ቀኑን ሙሉ ቀላል ሆኖ ይውላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ትልቅ ታንከር መግዛት ካለበት፣ ትልቁን ቤቱ ያስቀምጠው።

ይህ በተለይ ለደብረ ታቦርና ለመሰል ከተሞች ይሠራል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ሥራውን የሚያቆመው የሚዞረው ታንከር ማነስ ሳይሆን መሙያ ማጣት ነው። ቤት ያለ ባለ 2000 ወይም ባለ 3000 ሊትር ሮቶ ውሃው በመጣበት ሌሊት ተሞልቶ ያድራል። ከፒካፑ ታንከር አፍ ከፍ ባለ ጠንካራ ቆጥ ላይ ከተቀመጠ ያለ ፓምፕ ይቀዳል። ቀጥታ ከቧንቧ በደቂቃ 15 ሊትር እየወረደ 500 ሊትር ለመሙላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከፍ ካለ ሮቶ በሰፊ ቧንቧ ከአሥር ደቂቃ በታች ያልቃል። የቆጡ እግር ግን በቀልድ የሚሠራ አይደለም፤ ባለ 3000 ሊትሩ ሲሞላ ሦስት ቶን ነው።

አብዛኛው የደቡብ ጎንደር ክፍል በክረምት ዝናብ አይቸግረውም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይገኛል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1000 ሊትር ይሆናል፤ ተረጭቶና ፈስሶ የሚባክነው ተቀንሶም 800 ሊትር አይቀርም። የዝናብ ውሃ ሌላም ጥቅም አለው። ከመሬት የሚወጣ ውሃ የሟሟ ማዕድን ስለሚይዝ መስታወትና ጥቁር ቀለም ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ የዝናብ ውሃ ይህን አያመጣም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ግን የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጪ ቢለቀቅ ይሻላል።

ወደሚዞረው ታንከር ቅርጽ ሲመጣ፣ በየሕንፃው አናት የሚታየው ቀጥ ብሎ የሚቆም ክብ ሮቶ ለጉዞ አልተሠራም። ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፣ ውሃው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ማሰሪያ የሚይዝበት ጥርስም የለውም። ለመኪና የሚስማማው ዝቅና ሰፋ ያለው ነው፦ አራት ማዕዘን ወይም የራሱ እግር ኖሮት በጎኑ የሚተኛ። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ሳጥን 500 ሊትር ይይዛል፤ ከፒካፑ ሳጥን ጎን እምብዛም ከፍ አይልም።

ከቅርጹ ይልቅ የሚዘነጋው የውሃው መንቀሳቀስ ነው። ጢም ብሎ የሞላ ታንከር ከባድ ነው፣ ነገር ግን ውሃው የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ግማሹ የተቀዳ ታንከር ቀለል ቢልም ይበልጥ ያስቸግራል። ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት ይሮጣል፣ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፣ መኪናው ከቆመ በኋላም አንዴ ይገፋዋል። ኩርባ ላይ ወደ ውጪው ጎን ይከመርና ሚዛኑን ያዛባል። መድኃኒቱ ቀዳዳ ያላቸው መከፋፈያ ግድግዳዎች ናቸው፤ ውሃውን ያሳልፋሉ፣ ግፊቱን ግን ይሰብራሉ። ከ300 ሊትር በላይ ለሆነ ታንከር እንደ ግዴታ ቢቆጠሩ ይበጃል። መከፋፈያ ያለው ካልተገኘ ሁለት ትንንሽ ታንከሮች የአንዱን ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። የሚቀመጡት ግን ጎን ለጎን ሳይሆን ከፊትና ከኋላ በአንድ መስመር ነው፤ ጎን ለጎን ከሆኑ አንዱ ሲያልቅ መኪናው ያዘነብላል። የሚያገናኛቸው ቫልቭም በጉዞ ላይ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ታንከሮች እንደ አንድ ይሆናሉ።

የታንከሩ ዋና ክብደት ከኋላ ጎማዎች መዘውር በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት መዋል አለበት፤ ወደ ኋላ ከሸሸ መሪው ይቀላል። ከሥሩ ደልዳላ ጣውላ ይነጠፍለታል፤ የፒካፕ ወለል ወጣ ገባ ስለሆነ የፕላስቲኩ ሆድ በጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ አርፎ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ለማሰሪያው አስተማማኙ ልክ ወደ ፊት የጭነቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 50 በመቶ መያዝ የሚችል መሆኑ ነው። 500 ሊትር የያዘ ታንከር በድንገተኛ ፍሬን የ400 ኪሎ ግፊት ይዞ ወደ ጋቢናው ይመጣል ማለት ነው። በመጫኛ ገመድ አይያዝም፤ ሰፊ ቀበቶና ከሻንሲው ጋር በቡሎን የተያያዘ የብረት ፍሬም ያስፈልገዋል።

ከምን እንደተሠራ ማየትም ተገቢ ነው። ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ በብዙ መመዘኛ ይመረጣል፤ አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ትንሽ ሲመታ ይሰጣል እንጂ አይሰበርም። ጠላቱ ፀሐይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቆላ ላይ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ርካሽ ፕላስቲክ ደጋ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ጨረር መከላከያ የተቀላቀለበት፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ቀለሙም ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይመረጣል። ጠቆር ያለው ብርሃን ስለማያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ አያበቅልም። አልጌ ተራ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይሰፋውን የማሽኑን አፍንጫ ለመድፈን ይበቃል።

አይዝጌ ብረት ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ሥራው ከተደላደለ በኋላ እንጂ በመጀመሪያ ቀን የሚገዛ አይደለም። የቆርቆሮና የዘይት በርሜል ተቃራኒው ነው። 200 ሊትር ይይዛል፣ በየቦታው ይገኛል፣ ዝገቱ ግን በጥቂት ወራት ማጣሪያውን ያደፍናል። ሌላው አማራጭ በብረት ፍርግርግ የታጠረው ነጭ ባለ 1000 ሊትር ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ስለሚስማማ ብዙዎችን ያጓጓል። መጀመሪያ ምን ተጭኖበት እንደመጣ ሳይታወቅ ግን መግዛት አይገባም፤ የኬሚካል ቅሪት ቀለምንም የሠራተኛን ቆዳም ይጎዳል። ነጭ ስለሆነ አልጌ ያበቅላል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይቆማል፣ ለፒካፕም ከልክ ያልፋል። ለቤት ማጠራቀሚያ ግን ታጥቦና በጥቁር ሸራ ተሸፍኖ ጥሩ ያገለግላል።

ታንከሩ ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በደጋ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ታቦር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ፓምፕ ውሃን ከታች ስቦ የሚያወጣው በዚህ ግፊት አጋዥነት ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል በስሌት 10 ሜትር የሚደርሰው የመሳብ ልክ እዚህ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ 4 ወይም 5 ሜትር ቢሆን ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ወይም ከወንዝ አፋፍ ላይ ሆኖ ታንከር ለመሙላት ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለእጥበት ማሽኑ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ማሽኑን ከታንከሩ መውጫ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ። አሥር ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ግፊት ብቻ ስለሆነ ታንከሩ ብቻውን ምንም አያጥብም፤ የአንድ ሜትር ከፍታው ግን ውሃው በራሱ ወደ ማሽኑ እንዲወርድ ያደርጋል። ማሽኑ አየር ከሳበ ፒስተኖቹና ጎሚኒዎቹ ቶሎ ያልቃሉ።

የሳሳው አየር የቤንዚን ሞተርንም ይነካል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል፤ ጀነሬተሩም እንዲሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኃይል አምኖ ልክ በልኩ የገዛ ሰው ማሽኑ መሳቢያው በተጫነ ቁጥር ሲያጣጥር ያየዋል። ታንከሩም አየር ይፈልጋል። ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ከሌለ ውሃው ሲወጣ ውስጡ ባዶ እየሆነ ግድግዳው ይጨመደዳል። ደብረ ታቦር ላይ ግማሹ ተቀድቶ ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ ጀሪካን ወረታ ሲደርስ ጎኑ ገባ ብሎ የሚገኘውም በዚሁ የግፊት ልዩነት ነው። መተንፈሻው ውሃ እንዳይረጭ ወደ ታች የታጠፈ፣ ነፍሳት እንዳይገቡም በወንፊት የተሸፈነ ይሁን።

ስለ መግቢያና መውጫው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አፉ ክንድ አስገብቶ ማጠብ የሚያስችል፣ ዋናው መውጫ ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ያለ፣ ከታች ደግሞ ደለል ማፍሰሻ ያለው መሆን አለበት። በክረምት ከወንዝ ወይም ከምንጭ የሚቀዳ ውሃ አፈር ስለሚይዝ ሲሞላ በጨርቅ ወይም በወንፊት፣ ወደ ማሽኑ ሲገባ በሚታጠብ ማጣሪያ ይጣራል። በወር አንድ ጊዜ ውስጡን በበረኪና አጥቦ ማለቅለቅ ይበቃል። ወደ ክምር ድንጋይና ወደ ነፋስ መውጫ፣ በጉና ተራራ ዙሪያ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ታንከሩ ላይ ብዙም ጉዳት አይደርስም፤ በማሽኑና በጎማው ውስጥ የቀረው ጥቂት ውሃ ግን ረግቶ ሲሰፋ የፓምፑን ራስ ይሰነጥቃል። ማታ ማታ አፍስሶ ማሳደር ግድ ነው።

ታንከር ይዞ መዞር ያመጣው አንድ ቁም ነገር መኪናን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብን ማስቀረቱ ነው። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተነስተው፣ የፎገራን ሩዝ አጠጥተው ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ወንዙ ዳር የታጠበ መኪና ዘይትና ሳሙናም አብሮ ይወርዳል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው። ይሁንና ታንከሩ ፍሳሹን አያጠፋውም፤ ወደ ደንበኛው ግቢ ያዛውረዋል እንጂ። ለመኪናው የውጪ አካል እጥበት ጠጠር ወይም ሣር ያለበት፣ ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ቦታ ይመረጣል። ሞተርና ሆድ ማጠብ ግን ለቆመው ላቫጆ፣ ያውም የዘይት ማጥለያ ጉድጓድ ላለው ቢተው ይሻላል፤ ለተንቀሳቃሹ አጣቢም ውሃውን የሚበላበት ይኸው ሥራ ነው።

ያገለገለ ታንከር ሲገዛ መጀመሪያ ይሸተታል። የነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ ሽታ ያለው በማጠብ አይመለስም፤ ፕላስቲኩ ጠጥቶታል። ቀጥሎ ውጪው በጥፍር ይፋቃል፤ እንደ ዱቄት የሚነሣ ከሆነ ፀሐይ ጨርሶታል። የተበየደ ፕላስቲክ ለቆመ ታንከር ይሆናል፣ ለሚናወጥ ግን አይታመንም። በመጨረሻ እስከ አፉ ተሞልቶ ደረቅ ወለል ላይ ያድራል። ጠዋት የሚታየው ወለሉ መርጠቡ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ከባዶው ልክ ጎልቶ ያበጠ ከሆነ ግድግዳው ሳስቷል ማለት ነውና፣ ባይፈስስም ለመንገድ አይሆንም።